የይታገሱ ግማሽ ራስ

ተረት አለችኝ። ጭራዋን ከኋላዋ እየጎተተች የምትሄድ ተረት ናት፤ በሄደች ቁጥር ጭራዋ ይረዝማል። ጭራዋን የረገጠ ሰው ከራሷ ጀምሮ እንደገና መስማት ግዴታው ነው። እግራችሁን ሰብስቡ፣ ልጀምር።

ጎሽ ሜዳ በሚባል አገር ይታገሱ የሚባል ጎልማሳ ነበር። እናቱ ይህን ስም ያወጣችለት ምን ታይቷት እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም። ይታገሱ ቆሎውን ሳይበስል ከምጣድ ላይ የሚያፍስ፣ ጥያቄው ሳያልቅ መልሱን የሚሰጥ ሰው ነው። በዕድሜው የታገሰው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ነፋስ አፋፍ ከምትባለው የገደል አናት መንደር ትርንጎን እስኪድሩለት። እሱንም ቢሆን የታገሰው ሽማግሌ እየላከ፣ ሽማግሌዎቹ ሲዘገዩ ደግሞ የት እንደደረሱ የሚያይ ሌላ ሽማግሌ እየላከ ነው።

በመጨረሻ ቀን ተቆረጠ። በግንቦት፣ ሐሙስ።

የጎሽ ሜዳ ሰው በፀሐዩ ይኮራል። ሜዳው ላይ ሶላሮቹ ፊታቸውን ለሰማይ ሰጥተው ተኮልኩለው ይውላሉ፤ የለቀሙትን የባትሪ ቤቱ ያጠራቅማል፤ ከባትሪ ቤቱ ወፍጮው ይጠጣል፣ የጤና ኬላው ፍሪጅ ይጠጣል፣ ስልኩ ሁሉ ይጠጣል፣ የባንቴም ፀጉር ቤት ይጠጣል። "ናፍጣ ድሮ ቀረ! ፀሐይ የኛ ናት!" እያሉ ለጎረቤት መንደር ሁሉ ሲያወሩ ደመናም ሰማቸው መሰለኝ፣ በሰርጉ ሳምንት መጥቶ እንደ ሩቅ ዘመድ ሰማዩ ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ። አልዘነበም፣ አልሄደም። ዝም ብሎ ተቀመጠ።

በሰርጉ ማለዳ ይታገሱ ከባንቴ ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ፀጉር አስተካካዩ ባንቴ ነጩን ጨርቅ አንገቱ ላይ አሰረለትና ማሽኑን አስነሳ። ዝዝዝዝ አለ ማሽኑ፤ ቀኙን ከግንባር እስከ ማጅራት አጸዳው። ባንቴ ወደ ግራ ዞረ። ማሽኑ ዝዝ አለ። ከዚያ ዝ አለ። ከዚያ ምንም አላለም።

"ምን ሆነ?" አለ ይታገሱ።

"መብራት ሄደ።"

"ወዴት?"

"ነግሮኝ የሚሄድ ይመስልሃል?"

ይታገሱ መስታወቱን አየ። በቀኝ ሲያዩት የባንክ ሠራተኛ ነው፤ በግራ ሲያዩት ባሕታዊ ነው።

"በል በምላጭ ጨርሰው!"

"በሰርግህ ቀን ራስህን በምላጭ ልላጭህና እናትህ 'ማን ሞተብኝ?' ብላ ትጩህ? ይህ የሐዘንተኛ ነው፣ አላደርገውም።"

"በመቀስስ?"

"ማሽኑ የመጣ ዕለት መቀሴን ለበግ ሸላቹ ሰጠሁት። ከፈለግህ እሱን ልጥራልህ።"

በር ላይ የቆመው ሚዜው ገላነህ ሳቁን በመዳፉ አፈነና "እናትህን እኔ አዘናጋለሁ፤ አንተ መብራቱን ፈልግ" አለው። ይታገሱ የፀጉር ቤቱን ጨርቅ ከአንገቱ ፈትቶ ራሱ ላይ ጠመጠመና ወጣ።

ወደ ባትሪ ቤቱ ሮጠ። የባትሪ ቤቱን የምትጠብቀው አስካለ ናት። ለባትሪው ስትሳሳ የራሷን አምፖል የማታበራ ሴት ናት።

"እቴ አስካለ፣ መብራት ስጪኝ! አንቺ ካልሰጠሽ የባንቴ ማሽን አይቆርጥም፤ ማሽኑ ካልቆረጠ ራሴ ግማሽ ነው፤ ግማሽ ራስ ይዞ ማን ሙሽራ ይሆናል!"

አስካለ ጨርቁን በጣቷ ገለጥ አድርጋ አየችና ቶሎ መለሰችው።

"ያየሁትን ለማንም አልናገርም" አለች። "መብራት ግን የለኝም። የቀረው ጭላጭ ነው። ከጭላጩ የፍሪጁ ድርሻ አለ፤ የሕፃናት ክትባት ነው፣ እሱን አልነካም። ሌላውን ወፍጮው እየጠጣው ነው። ሽባባው ወፍጮውን ያቁም፣ ያን ጊዜ እሰጥሃለሁ።"

ወደ ወፍጮ ቤቱ ሮጠ። ባለወፍጮው ሽባባው ቅንድቡ ድረስ ዱቄት ለብሶ ቆሟል። የወፍጮው ድምፅ ጆሮውን ወስዶበታል።

"ጋሽ ሽባባው፣ ወፍጮውን አቁምልኝ! አንተ ካላቆምክ እቴ አስካለ መብራት አትሰጥም፤ አስካለ ካልሰጠች የባንቴ ማሽን አይቆርጥም፤ ማሽኑ ካልቆረጠ ራሴ ግማሽ ነው፤ ግማሽ ራስ ይዞ ማን ሙሽራ ይሆናል!"

"ግማሽ ምን?"

"ራስ!"

"ግማሽ ኩንታል? አምጣው፣ ወረፋ ያዝ!"

ይታገሱ ጨርቁን አወለቀ። አንዳንድ ነገር በዓይን ሲሆን ጆሮ አያስፈልገውም። ሽባባው አፉን ከፍቶ ቀረ፤ አፉ ውስጥም ዱቄት ገባ።

"አይ የኔ ልጅ!" አለ ሲስል ቆይቶ። "ባቆምልህ ደስ ባለኝ። ግን እኚያን ሴትዮ ታያቸዋለህ? ፏፏ ማዶ ከምትባለው መንደር አህያ ጭነው የመጡ ናቸው። እህላቸውን ሳልፈጭ ባቆም ምን ይሉኛል? እሳቸው እህላቸውን ይጫኑ፣ ያን ጊዜ አቆማለሁ።"

ወይዘሮ ላቀች ከጆንያዎቻቸው አንዱ ላይ ተደላድለው ተቀምጠዋል። የወንዝ ማዶ ሰው ናቸው፤ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ በአነጋገራቸውም እንደዚያው። ይታገሱ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ።

"እትዬ ላቀች፣ እህልዎን ይጫኑልኝ! እርስዎ ካልጫኑ ጋሽ ሽባባው ወፍጮውን አያቆምም፤ ሽባባው ካላቆመ እቴ አስካለ መብራት አትሰጥም፤ አስካለ ካልሰጠች የባንቴ ማሽን አይቆርጥም፤ ማሽኑ ካልቆረጠ ራሴ ግማሽ ነው፤ ግማሽ ራስ ይዞ ማን ሙሽራ ይሆናል!"

"ግማሹን አስፈጭቼ ግማሹን ጥሬውን ይዤ ልሂድ?" አሉ ወይዘሮ ላቀች። "አንተም ግማሽ፣ እኔም ግማሽ! ለመሆኑ እዚህ ድረስ የመጣሁት የጎሽ ሜዳ ዱቄት ናፍቆኝ ይመስልሃል? የኛም መንደር ወፍጮ አለው፤ ውኃ የሚያዞረው ነው። የውኃ አባቱ ግን ውኃውን ይዘው ቁጭ ብለዋል። እሳቸው ውኃውን ይልቀቁ፣ ያን ጊዜ እጭናለሁ።"

ይታገሱ ስልክ እንዳይደውል ስልኩም የሚጠጣው ከባትሪ ቤቱ ነው። ስለዚህ በእግሩ ወንዙን ተሻገረ። የተቆረጠው ፀጉር አንገቱ ውስጥ ገብቶ ያሳክከዋል፤ ቢያክ ጨርቁ ይወልቅበታል፣ ባያክ ያብዳል። እያከከ ሮጠ።

የውኃ አባት ማለት በፏፏ ማዶ ውኃውን ለሰው ሁሉ የሚያካፍል ሽማግሌ ነው። አቶ ወንድይፍራው ይባላሉ። አካፋቸውን ታቅፈው ከቦዩ መዝጊያ አጠገብ፣ ከሽንኩርታቸው ማሳ ዳር ተቀምጠዋል። ለሽንኩርታቸው የሚያወሩለትን ያህል ለሚስታቸው አያወሩም ይባላል፤ ሚስታቸው ናቸው ያሉት።

"አባባ ወንድይፍራው፣ ውኃውን ይልቀቁልኝ! እርስዎ ካልለቀቁ እትዬ ላቀች እህላቸውን አይጭኑም፤ እትዬ ላቀች ካልጫኑ ጋሽ ሽባባው ወፍጮውን አያቆምም፤ ሽባባው ካላቆመ እቴ አስካለ መብራት አትሰጥም፤ አስካለ ካልሰጠች የባንቴ ማሽን አይቆርጥም፤ ማሽኑ ካልቆረጠ ራሴ ግማሽ ነው፤ ግማሽ ራስ ይዞ ማን ሙሽራ ይሆናል!"

"ቀስ በል፣ ሽንኩርቱን ታስደነግጠዋለህ" አሉ ሽማግሌው። ከዚያ አሰቡ። "ልጄ፣ ክፋት አይደለም። ግንቦት ነው፣ ውኃው ቀጥኗል። ለወፍጮው ከለቀቅሁት ወርዶ ገደል ይገባል፤ ሽንኩርቴ ይደርቃል። ከታች ከጥልቁ የሚስብ ፓምፕ አለኝ፤ ፓምፑ ግን መብራት ይፈልጋል። መብራቱ ያለው እዚያ ነው።" አካፋቸውን ወደ ገደሉ አናት ቀሰሩ። "ነፋስ አፋፍ። ሽቦው እዚህ ድረስ ተዘርግቷል፤ ማብሪያውን የሚገፋው ሰው ጠፋ። ድልነሳ ማብሪያውን ይግፋ፣ ያን ጊዜ እለቃለሁ።"

ይታገሱ ክው አለ። ድልነሳ ማለት የትርንጎ አባት ናቸዋ!

ሙሽራ ከሰርገኛው ቀድሞ አማቱ ደጅ አይታይም። ሙሉ ራስ ይዞ እንኳ አይታይም። ከገደሉ ስር ቆሞ ወደ ላይ አየ፤ የነፋሱ ተርባይን ሦስት ክንፉን ቀስ እያለ ሲያዞር ከዚያ ይታያል። ልመለስ አለ። ግን ወዴት ይመለሳል? ወደ መስታወቱ? ጨርቁን እስከ ቅንድቡ አወረደና መውጣት ጀመረ።

ነፋስ አፋፍ ላይ ዳሱ ተጥሏል፣ ሰው ይተራመሳል። አቶ ድልነሳ ከዳሱ ራቅ ብለው፣ የተርባይኑ ማብሪያ ካለባት የቆርቆሮ ቤት አጠገብ ነፋሱ የነቀለባቸውን የዳስ ገመድ ያስራሉ። ይታገሱ ድምፁን አወፍሮ ቀረበ።

"ከጎሽ ሜዳ የተላክሁ ነኝ።"

"ጉሮሮህን አሞሃል?"

"ትንሽ። ማብሪያውን እንዲገፉ ነው የተላክሁት። እርስዎ ካልገፉ የውኃ አባቱ ውኃ አይለቁም፤ የውኃ አባቱ ካልለቀቁ እትዬ ላቀች እህላቸውን አይጭኑም፤ እትዬ ላቀች ካልጫኑ ጋሽ ሽባባው ወፍጮውን አያቆምም፤ ሽባባው ካላቆመ እቴ አስካለ መብራት አትሰጥም፤ አስካለ ካልሰጠች የባንቴ ማሽን አይቆርጥም፤ ማሽኑ ካልቆረጠ የ... የሙሽራው ራስ ግማሽ ነው፤ ግማሽ ራስ ይዞ ማን ሙሽራ ይሆናል!"

አቶ ድልነሳ ገመዱን ለቀቁት።

"ከጎሽ ሜዳ ነኝ አልከኝ? እናንተ አይደላችሁም 'የነፋስ አፋፍ ነፋስ እብድ ነው፣ ሲያሰኘው ይነፍሳል፣ ሲያሰኘው ይተኛል' ያላችሁት? ፏፏ ማዶዎችም እናንተን ሰምተው ሳቁብን። ነፋሴን የሚሰድብ አገር ነፋሴን አይበላም! ሂድ፣ ለላኩህ ሰዎች እንዲህ ብለሃል በላቸው።"

ይህን ሲሉ ነፋሱ ከገደሉ ስር ብድግ አለ። ዳሱን አርገፈገፈ፣ የሴቶቹን ቀሚስ አነሳ፣ ይታገሱ ዘንድም ደረሰና ጨርቁን ከራሱ ላይ መነጨቀው። ጨርቁ እንደ ነጭ አሞራ ተገለባብጦ በረረና ዳሱ ጫፍ ላይ አረፈ።

አቶ ድልነሳ በቀኝ በኩል አዩት። ዞረው በግራ በኩል አዩት።

"አንተ ይታገሱ አይደለህም?"

"በቀኝ በኩል ነኝ፣ አባባ።"

"እኔ ልጄን ለሙሉ ሰው ነው የሰጠሁት!" ብለው ጮኹ ሽማግሌው፤ ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። "ለግማሽ ራስ ልጄን አልድርም!"

እነዚያ ሁሉ ሽማግሌዎች፣ ያ ሁሉ ጥበቃ፣ በአንድ የፀጉር ማሽን ሊቀር ነው። ይታገሱ እውነቱን ተናገረ።

"አባባ፣ ሌላው ግማሽ ያለው እርስዎ እጅ ነው።"

አቶ ድልነሳ እጃቸውን አዩ። የማብሪያ ቤቷ ቁልፍ ጣታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ትከሻቸው ተነቃነቀ፤ ሳቅ ነበር። የቆርቆሮ ቤቷን በር ይዘው ሳቁ፤ ዳሱ አብሮ ሳቀ።

"መጀመሪያ ነፋሱን ይቅርታ ጠይቅ" አሉ እንባቸውን እየጠረጉ።

ይታገሱ ወደ ገደሉ ዞረ። "ይቅር በለን። እብድ ያልንህ እኛው ነን። ይኸው የኛም ፀሐይ ሲያሰኛት ተኛች።"

"ጎሽ። እኔም አልዋሽህ፣ ነፋሱ የሚተኛበት ቀን አለ። ያን ቀን የናንተ ፀሐይ ወደዚህ ትወጣለች?"

"ትወጣለች።"

"በምን ትወጣለች? ከፏፏ ማዶ እስከ ጎሽ ሜዳ ሽቦ የለ፣ ምሰሶ የለ። ማን ይተክለዋል?"

"እኔ እተክለዋለሁ። መልሱ በተበላ ማግስት!"

በዚህ ጊዜ ከጎን ካለው የቤታቸው ጓዳ በር ስንጥቅ አንድ እጅ ወጣ። ሻሽ ይዟል። ይታገሱ ሻሹን ሲቀበል በስንጥቁ አየ፤ ትርንጎ ናት። ሹሩባዋ በግማሽ ተሠርቶ ግማሹ ገና ተበትኗል። ዓይኖቿ በሳቅ ተሞልተዋል።

"እኔም ገና ግማሽ ነኝ" አለችው በሹክሹክታ። "ሩጥ!"

አቶ ድልነሳ ፊታቸውን አዞሩና "እኔ ዛሬ እዚህ ማንንም ሙሽራ አላየሁም" አሉ፤ ማብሪያውንም ገፉት።

ማብሪያው ሲገፋ ሽቦው ጠጣ። ይታገሱ የሙሽሪትን ሻሽ ራሱ ላይ አስሮ ቁልቁለቱን ወረደ፤ እሱ ወንዙ ዘንድ ሳይደርስ መብራቱ ደርሶ ፓምፑ ከጥልቁ ይስባል፣ ሽንኩርቱ ይጠጣል፣ የውኃ አባቱም አካፋቸውን ወደ መዝጊያው እየሰደዱ ነው።

"ወይዘሮ ላቀች በወሬ አያምኑም" አሉት፤ እርጥብ ሽንኩርት ከነቅጠሉ ነቅለው ጭቃውን ሳያራግፉ አሸከሙት። "ይህን አሳያቸው።"

ሙሽራው ሻሽ አስሮ፣ ሽንኩርት ታቅፎ ወፍጮ ቤት ገባ። ወይዘሮ ላቀች ሽንኩርቱን ተቀብለው አሸተቱ፣ ሥሩን ጨመቁ፣ ውኃ ጠብ አለ።

"እውነትም ለቀዋል" አሉና ተነሡ። "ሻሹ ግን ያምርብሃል።"

ድልነሳ ገፉ፣ ወንድይፍራው ለቀቁ፤ ወንድይፍራው ለቀቁ፣ ላቀች ጫኑ፤ ላቀች ጫኑ፣ ሽባባው አቆመ፤ ሽባባው አቆመ፣ አስካለ ሰጠች፤ አስካለ ሰጠች፣ የባንቴ ማሽን ዝዝዝዝ አለ። ባሕታዊው ከወንበሩ ሥር ወደቀ፤ የባንክ ሠራተኛው በሁለቱም በኩል ተነሣ።

ባንቴ የመጨረሻውን ፀጉር በብሩሽ ሲያራግፍ የፀጉር ቤቱ ወለል ቢጫ ሆነ። ደመናው ተነሥቶ ነበር። ፀሐይ ምንም እንዳልተፈጠረ ሜዳው ላይ ተዘርግታለች።

"ትንሽ ብትታገስ ኖሮ..." አለ ባንቴ።

"ዝም በል" አለ ይታገሱ። "ነገ ደግሞ ትደበቃለች።"

ሰርገኛው ሙሽራውን ባርኔጣ አስደፍቶ በእልልታ ገደሉን ወጣ። የሙሽሪት ቤት በር ላይ እንደ ወጉ ሴቶቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ከለከሉ። ያ የጠዋቱ ጉድ ወሬው በዳሱ ተዳርሷል፤ አንዷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ "ባርኔጣህን አውልቅና ሁለቱንም ጎን አሳየን!" አለች። ይታገሱ አወለቀ። በቀኝ ዞረ፣ በግራ ዞረ። እነሱ ግን አላመኑም፣ እንደገና ዙር አሉት፤ ሦስተኛም ሊያዞሩት ነበር።

ከውስጥ የትርንጎ ድምፅ መጣ። "ግማሹን ወድጄ ተቀብዬዋለሁ! ሙሉውን ማን ይከለክለኛል? አስገቡት!"

በሩ ተከፈተ።

መልሱ በተበላ ማግስት ይታገሱ ምሰሶ ተሸከመ። ትከሻው ተላጠ፤ ትርንጎ ቅቤ እያሸችለት "ታገስ" ትለዋለች፣ እሱ አይታገስም። ፏፏ ማዶዎች ሽቦ ጎተቱ፣ ጎሽ ሜዳዎች ጉድጓድ ቆፈሩ፣ አቶ ድልነሳ ከላይ ሆነው ማን ጠማማ እንደተከለ እየጠሩ ተሳደቡ። ሽቦው ገጠመ። ፀሐይ ስትተኛ ነፋሱ ወረደ፣ ነፋሱ ሲተኛ ፀሐይ ወጣች፣ ሁለቱም ሲያንቀላፉ የፏፏ ማዶ ውኃ ወፍጮውን ይዞ ነቃ።

እናንተንም ከግማሽ ነገር ይሰውራችሁ።